ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ ወይስ ዲሲ? የሽጉጥ ፈቃድ ከማውጣታችሁ በፊት ውሏችሁን እዩ

ባለፈው ገና ሰሞን የአክስቴ ልጅ ቤቴ መጣ። ገና ጃኬቱን ሳያወልቅ ከኪሱ አንድ ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "ጋሼ፣ ወጣልኝ!" አለኝ። የቨርጂኒያ የሽጉጥ መያዣ ፈቃድ ነው።

ልጁ የሚኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። ሥራው ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አጎቱ ሱቅ ውስጥ። ማታ ቆጥሮ የሚዘጋው እሱ ነው።

"ዘግተህ ስትወጣ በየት በኩል ነው የምትመጣው?" አልኩት።

"በጆርጂያ አቬኑ ቀጥ ብዬ፣ ዲሲን አቋርጬ፣ በ14ኛው መንገድ ድልድይ።"

"ሽጉጡን ይዘህ?"

"ፈቃድ አለኝ አይደል እንዴ?"

ቡናውን አስቀምጬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ያ ፈቃድ የሚሠራው ድልድዩን ከተሻገረ በኋላ ላለው መንገድ ብቻ ነው። ሜሪላንድ የሌላ ስቴት ፈቃድ አትቀበልም። ዲሲም አትቀበልም። ልጁ በየማታው ከሱቁ በር እስከ ድልድዩ ድረስ ፈቃድ እንደሌለው ሰው ነው የሚሄደው። ዲሲ ውስጥ ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ታጥቆ መገኘት እስከ 5 ዓመት ያሳስራል።

ይህን የምጽፈው እንደሱ ላሉት ነው። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር ሐበሾች ቀናችን በአንድ ስቴት አያልቅም። ቤት እዚህ፣ ሥራ እዚያ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሌላ ጋ ነው። ስለዚህ የትኛው ፈቃድ እንደሚሻላችሁ የሚነግራችሁ አድራሻችሁ ሳይሆን ውሏችሁ ነው። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ሽጉጥ ያለኝ፣ ሕጉን ለማወቅ ብዙ የደከምኩ ሰው ነኝ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ከሁሉ በፊት፦ መያዝ ትችላላችሁ ወይ?

ስቴቶቹን ከማወዳደራችን በፊት የፌዴራሉ ሕግ አለ። እሱ የትም ብትሄዱ ይከተላችኋል።

ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው፣ ሌላ እንከን ከሌለበት፣ መግዛት ይችላል። ጥገኝነት የተፈቀደለትና በስደተኝነት የገባ ሰውም በፌዴራል ሕግ አይከለከልም። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ እንደ አደን ፈቃድ ያለ ልዩ ሁኔታ ከሌለው፣ ሽጉጥም ሆነ ጥይት መያዝ አይችልም። ወረቀት የሌለውም እንደዚሁ። የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና ካልተወሰነ ከመሣሪያ ሱቁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃችሁ ጋ ሂዱ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ዜጋ ያልሆነ ሰው በመሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ስለሚችል ነው። ግሪን ካርዱ አያድነውም። ለአሜሪካዊ ጎረቤታችን በጥቂት ወራት እስር የሚያልፍ ጥፋት ለእኛ ሃያ ዓመት የሠራነውን ኑሮ ሊያሳጣን ይችላል።

ከባለሱቅ ስትገዙ 4473 የሚባል ቅጽ ትሞላላችሁ። እዚያ ላይ የውሸት መልስ መስጠት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ቅጹ ከሚጠይቃቸው አንዱ በሕግ የተከለከለ አደንዛዥ ነገር ትጠቀማላችሁ ወይ የሚል ነው። ማሪዋና በሦስቱም ቦታዎች ለአዋቂ ቢፈቀድም በፌዴራሉ ሕግ አልተፈቀደም። ቅጹም ይህንኑ በግልጽ ያስጠነቅቃል። ስለ ጫትስ? ብዙ ሰው ጫትን ከቡና ለይቶ አያየውም። ነገር ግን እርጥብ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራሉ ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንደኛው መደብ ተመዝግቧል። ቅዳሜ ከሰዓት ከጓደኞቹ ጋር የሚቅም ሰው ያንን ጥያቄ "አይ" ብሎ ሲፈርም ምን እንደሚፈርም ይወቅ። የሚቅም ሰው ሽጉጥ ባይገዛ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት ሰውም፣ ጥፋቱ ቀላል ተብሎ የተመዘገበ ቢሆን እንኳ፣ ከ1996 ጀምሮ ተከልክሏል። ባልና ሚስት ተጣልተው፣ ፖሊስ ተጠርቶ፣ "ቶሎ እንዲያልቅ" ብሎ ጥፋተኛ ነኝ ያለ ሰው ይህን ብዙ ጊዜ አያውቅም።

አንድ ነገር ልጨምር። "አንተ ግዛልኝ፣ ብሩን እሰጥሃለሁ" የሚል ዘመድ አይጠፋም። ወረቀቱ ያላለቀለት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ መጠየቅን ብቻ የፈራ ነው። እኛ ዘመድን እምቢ ማለት ይከብደናል። መኪና በስማችን አውጥተን እንሰጣለን፤ ቤት በስማችን እንከራያለን። በሽጉጥ ግን ይህ አይሆንም። ቅጹ ገዢው ትክክለኛው ባለቤት መሆኑን ይጠይቃል። በ2022 የወጣው የፌዴራል ሕግ ለተከለከለ ሰው በራስ ስም መግዛትን እስከ 15 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል አድርጎታል። እዚህ ላይ ይሉኝታ አያዋጣም።

ቤት ለማስቀመጥ ብቻ ከሆነ

ብዙዎቻችን የምንፈልገው ይህንን ነው። ይዞ መዞር አይደለም፤ ሌሊት በር ቢሰበር ባዶ እጅ አለመሆን ነው። ከሆነ፣ ከባዱን መንገድ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ሦስቱ ቦታዎች ግን እዚህም በጣም ይለያያሉ።

ቨርጂኒያ ቀላሉ ነው። ሽጉጥ ቤት ለማስቀመጥ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ምዝገባም የለም። 21 ዓመት የሞላው ሰው መታወቂያውን ይዞ ሱቅ ይገባል፤ የኋላ ታሪኩ ይጣራል፤ ካለፈ ገዝቶ ይወጣል። ከ2020 ሐምሌ ጀምሮ ከግለሰብ ሲገዛም ማጣራቱ ግዴታ ሆኖ ነበር፤ በ2025 ግን ፍርድ ቤት ሕጉን አግዶታል። መያዣ ፈቃድ የሌለው ሰው በ30 ቀን ከአንድ ሽጉጥ በላይ መግዛት አይችልም። ሽጉጣችሁ ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ፣ ካወቃችሁበት ጊዜ ጀምሮ በ48 ሰዓት ውስጥ ማመልከት አለባችሁ።

ሜሪላንድ መሐል ላይ ናት። ሽጉጥ ለመግዛት መጀመሪያ የሽጉጥ ብቁነት ፈቃድ ማውጣት ይጠበቃል። ሰው ሁሉ በእንግሊዝኛው አጠራር "ኤች ኪው ኤል" ነው የሚለው። ከ2013 ጥቅምት ጀምሮ አለ። የአራት ሰዓት ትምህርት አለው፤ በትምህርቱ ላይ በእውነተኛ ጥይት መተኮስ ግድ ነው። አሻራ ትሰጣላችሁ፤ 50 ዶላር ትከፍላላችሁ። ስቴት ፖሊስ በ30 ቀን ይመልሳል። የሚያገለግለው 10 ዓመት ነው። ፍርድ ቤት ሄዶ "ይሰረዝ" የተባለበት ጊዜ ነበር። በ2024 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አጽንቶታል። "ኤች ኪው ኤል እኮ ተሽሯል" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የድሮውን ወሬ ነው የሚያወራው።

ፈቃዱ ከወጣ በኋላም ሽጉጡን በዚያው ቀን አትወስዱም። ለእያንዳንዱ ሽጉጥ ማመልከቻ ትሞላላችሁ፤ ሰባት ቀን ትጠብቃላችሁ። ሽጉጡም ስቴቱ ባጸደቀው ዝርዝር ውስጥ መኖር አለበት። ማጋዚን፣ እኛ ካርታ የምንለው፣ ከ10 ጥይት በላይ የሚጎርስ ከሆነ ሜሪላንድ ውስጥ አይሸጥም። ለተራ የአደን ጠመንጃ ግን ይህ ሁሉ የብቁነት ፈቃድ አይጠየቅም። ቤቱን ብቻ ለሚያስብ የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ይህንን መንገድ ብዙም ማንም አይነግረውም። ቢያስቡበት እላለሁ።

ዲሲ ከባዱ ነው። እስከ 2008 ድረስ ቤት ውስጥ እንኳ ሽጉጥ መያዝ ክልክል ነበር። የከፈተው ሄለር የተባለው የከፍተኛው ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ዛሬ ይቻላል፤ ግን እያንዳንዱ መሣሪያ፣ ጠመንጃም ቢሆን፣ ፖሊስ ዘንድ መመዝገብ አለበት። ለአንዱ መሣሪያ 13 ዶላር፣ ለአሻራ 35 ዶላር ትከፍላላችሁ። 10 ቀን መጠበቅም አለ። ብሩ ትንሽ ነው፤ አድካሚው ምልልሱ ነው።

አንድ ስህተት ደጋግሜ አያለሁ። የሜሪላንድ ሰው "ቨርጂኒያ ይቀላል" ብሎ እዚያ ሄዶ ሽጉጥ ሊገዛ ይፈልጋል። አይሆንም። በፌዴራል ሕግ ሽጉጥ የሚረከቡት በምትኖሩበት ስቴት ባለ ነጋዴ በኩል ነው። ቨርጂኒያ ያያችሁትን ሽጉጥ ብትወዱት፣ ነጋዴው ሜሪላንድ ወዳለ ነጋዴ ይልካል፤ እናንተም በሜሪላንድ ሕግ ትረከባላችሁ። ከጓደኛ እጅ በእጅ መቀበልም ያው ክልክል ነው።

ቤት ሽጉጥ የሚቀመጥ ከሆነ ልጆችን ማሰብ ግድ ነው። የእኛ ቤት ቅዳሜና እሁድ በልጅ ይሞላል፤ የእህት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ ክርስትና የመጣ እንግዳ ልጅ። ትራስ ሥር፣ ቁም ሣጥን ላይ፣ ከነጠላ ሥር ማስቀመጥ ማለት ልጅ ያገኘዋል ማለት ነው። ሜሪላንድ በ2023 ሕጉን አጥብቃለች፤ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ የጎረሰ መሣሪያ መተው ወንጀል ነው። ዲሲም 18 ይላል። የቨርጂኒያው በቸልተኝነት የጎረሰ ሽጉጥ ትቶ ከ14 በታች ያለን ልጅ አደጋ ላይ መጣልን ይመለከታል። እኔ ግን በዕድሜ ማነጻጸር አልፈልግም። አልጋ አጠገብ በብሎን የሚታሰር፣ በአሻራ ወይም በቁጥር የሚከፈት ትንሽ ካዝና ግዙ። ከሽጉጡ በፊት ግዙት።

ይዞ ለመንቀሳቀስ

እዚህ ጋ ነው ጉዳዩ የሚከብደው። አስቀድሞ አንድ አሮጌ ወሬ ላጥራ። "ሜሪላንድና ዲሲ ለተራ ሰው አይሰጡም" ይባላል። እውነት ነበር፤ አሁን አይደለም። ሜሪላንድ "በቂና ጠንካራ ምክንያት" ትጠይቅ ነበር፤ ይህም ለብዙው ሰው የተዘጋ በር ማለት ነበር። በ2022 ሰኔ ከፍተኛው ፍርድ ቤት "ብሩን" (Bruen) በተባለው ጉዳይ ይህን ዓይነት ጥያቄ ከለከለ። ሜሪላንድም በሳምንታት ውስጥ ተወችው። ዲሲ ከዚያ ቀደም ብላ በ2017 በፍርድ ቤት ተሸንፋ ትታዋለች። ዛሬ መስፈርቱን ያሟላ ሰው በሦስቱም ያገኛል።

የቨርጂኒያውን የሚሰጠው የምትኖሩበት ካውንቲ ወይም ከተማ ሰርኪዩት ኮርት ነው። 21 ዓመት፣ የሥልጠና ማስረጃ፣ ቢበዛ 50 ዶላር። ከ2021 ጀምሮ በኢንተርኔት ቪዲዮ አይቶ ሰርቲፊኬት ማምጣት ቀርቷል፤ በአካል መገኘት ያስፈልጋል። ፍርድ ቤቱ 45 ቀን አለው። ካለፈበት ጸሐፊው ማመልከቻችሁን አረጋግጦ ይሰጣችኋል፤ ያም ለጊዜው እንደ ፈቃድ ያገለግላል። ፈቃዱ 5 ዓመት ይቆያል። ሁለት ነገር ግን አትርሱ። አንደኛ፣ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ብቻ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው ሽጉጥ ቤቱ ማስቀመጥ ቢችልም ግሪን ካርዱ እስኪመጣ ይህን ፈቃድ አያገኝም። ሁለተኛ፣ ጠጥቶ በመንዳት የተፈረደበት ሰው ሦስት ዓመት ይጠብቃል።

ቨርጂኒያ ውስጥ ሽጉጥን በግልጽ፣ ሰው እያየው፣ ያለ ፈቃድ መታጠቅም በአብዛኛው ይቻላል። እኔ ለማንም አልመክረውም። እንደ አሌክሳንድሪያና ፌርፋክስ ያሉት በፓርኮችና በመንግሥት ሕንፃዎቻቸው ከልክለዋል። ደግሞስ ጥቁር መጤ ሆኖ ሽጉጥ በወገብ አንጠልጥሎ ገበያ መውጣት ምን ይጠቅማል? የቤተሰባችሁን ሰላም አስቡ።

የሜሪላንዱ ፈቃድ 16 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜና እሁድን ይበላል። መጨረሻው የተኩስ ፈተና ነው። ክፍያው 125 ዶላር ነው፤ አሻራ ለብቻው። ስቴት ፖሊስ እስከ 90 ቀን ይወስዳል። የመጀመሪያው ፈቃድ ሁለት ዓመት ያህል ይቆያል፤ ሲታደስ ሦስት ዓመት ይሆናል። ለማሳደስ የስምንት ሰዓት ሥልጠና አለ።

የዲሲው ከሁሉም ይረዝማል፤ 16 ሰዓት ትምህርትና ሁለት ሰዓት ተኩስ። 75 ዶላር ነው፤ ሁለት ዓመት ይቆያል። ካወጣችሁትም በኋላ የማትገቡባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። በሜትሮ ባቡርና ጣቢያ፣ በአውቶቡስ፣ በትምህርት ቤት፣ በሆስፒታል፣ በመንግሥት ሕንፃ፣ መጠጥ በሚሸጥበት ቤት፣ በናሽናል ሞል ሐውልቶች ይዞ መገኘት የለም። ቤተ ክርስቲያንና የሰው ቤትም ባለቤቱ ካልፈቀደ በቀር ክልክል ነው። 9ኛው መንገድ ላይ ክትፎ ልትበሉ ብትገቡ ቤቱ ቢራ ይሸጣል። ስለዚህ የዲሲውን ፈቃድ ከማውጣታችሁ በፊት ዲሲ ውስጥ የት የት እንደምትውሉ በወረቀት ጻፉ። እኔ ስጽፈው ሽጉጡን ይዤ መቆም የምችለው የእግረኛ መንገዱ ላይ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። የዲሲውን አላወጣሁም።

ነዋሪ ላልሆነ ሰውም ሦስቱም ይሰጣሉ። የቨርጂኒያውን ለውጭ ሰው የሚሰጠው ስቴት ፖሊስ ነው፤ እስከ 100 ዶላር ነው። ውሏችሁ ሦስቱን የሚነካ ከሆነ ምክሬ ይህ ነው፦ ከትልቁ ጀምሩ። በሜሪላንድም በዲሲም የተመዘገበ አሰልጣኝ ፈልጉ፤ ሁለቱም ቦታ የተመዘገበ መሆኑን ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ያንን ረጅም ሥልጠና አንድ ጊዜ ከወሰዳችሁ ለቨርጂኒያም ይበቃል። መጀመሪያ አጭሩን የቨርጂኒያ ትምህርት ወስዶ፣ ቀጥሎ የአራት ሰዓቱን፣ ቀጥሎ የ16 ሰዓቱን የሚወስድ ሰው ሦስት ጊዜ ይከፍላል።

ሥልጠናውን እንደ ጣጣ አትዩት። የእኔ አሰልጣኝ የመጀመሪያውን ሁለት ሰዓት ጥይት አላስነካንም። ባዶ ሽጉጥ ሰጥቶ "ባዶ መሆኑን አረጋግጥ" ይላል። ካርታውን ታወጣለህ፤ ትስባለህ፤ በዓይንህ ታያለህ፤ ከዚያ በትንሿ ጣትህ ቀዳዳውን ትዳስሳለህ። ጎንህ ላለው ሰው ትሰጠዋለህ። እሱም ባዶነቱን አሁን አይቶ እንደገና ያረጋግጣል። አንድ አዛውንት "አሁን እኮ አየነው" አሉ። አሰልጣኙም "እኔም አይቼዋለሁ፤ ግን እንደገና አያለሁ" አላቸው። ጠመንጃ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያደገ ሰው ሁሉን የሚያውቅ ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ያ የትንሿ ጣት ነገር እስከ ዛሬ አልተወኝም።

መንገድ ላይ፣ ድንበር ላይ

ኢስተርን አቬኑን ታውቁታላችሁ። አንዱ ወገን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሌላው ዲሲ። ውድሮው ዊልሰን ድልድይም ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንድ ሲያሻግር የዲሲን ጥግ ይነካል። ይህን ያህል ቅርብ ነው።

ከ1986 ጀምሮ አንድ የፌዴራል ሕግ መንገደኛን ይጠብቃል። ሽጉጡን መያዝ ከሚፈቀድላችሁ ቦታ ተነስታችሁ ወደሚፈቀድላችሁ ቦታ ስትሄዱ መሐል ያለውን ስቴት ማቋረጥ ትችላላችሁ። ግን ጥይቱ የወጣ መሆን አለበት፤ ሽጉጡም ጥይቱም ከእጃችሁ ርቆ፣ ትራንክ ውስጥ። ትራንክ የሌለው መኪና ከሆነ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ። የዳሽቦርዱ መሳቢያ ቢቆለፍም አይበቃም። ደግሞ ማቋረጥ ማለት ማቋረጥ ነው። መሐል ላይ ቆሞ እራት መብላት፣ ሰው መጠየቅ፣ እቃ ማድረስ ከለላውን ያሳጣል። መነሻም መድረሻም ሕጋዊ መሆን አለበት። የአክስቴ ልጅ መድረሻው የሜሪላንድ ሱቅ ነው፤ እዚያ የመያዝ መብት ከሌለው ይህ ሕግ አይረዳውም።

ጥይትን ደግሞ አትናቁ። አንድ ቅዳሜ ከቨርጂኒያ የተኩስ መለማመጃ ወጥቼ ሽጉጡን ቤት አስቀምጬ ዲሲ ልጄን ልወስድ ተነሳሁ። ድልድዩ ጋ ሳልደርስ ነዳጅ ልቀዳ ቆምኩ። ካርዴን ፍለጋ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ እጄን ስከት አንድ የዘጠኝ ሚሊ ሜትር ጥይት አገኘሁ። አንዲት፣ የጣቴን ጫፍ የምታክል። እዚያው ደንግጬ ቆምኩ። ዲሲ ውስጥ የተመዘገበ መሣሪያ የሌለው ሰው አንዲት ጥይት ኪሱ ውስጥ ይዞ ቢገኝ ወንጀል ነው። ለልጄ ደውዬ እንደምዘገይ ነገርኳት፤ ወደ ቤት ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ከመለማመጃ ስመጣ የጃኬቴን ኪስ፣ የቦርሳዬን ጥግ፣ የመኪናውን ወንበር ሥር ሳልፈትሽ ወደ ዲሲ አልነዳም።

ፖሊስ ቢያስቆማችሁ፦ ዲሲ ውስጥ ፈቃድ ኖሯችሁ ከያዛችሁ ሳትጠየቁ መናገር ግዴታ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ሲጠየቅ ፈቃዱንና መታወቂያውን ማሳየት ነው። ግዴታው ምንም ይሁን፣ የውስጡን መብራት አብሩ፤ ሁለት እጃችሁን መሪው ላይ አድርጉ። መጀመሪያ ከአፋችሁ የሚወጣው "ፈቃድ አለኝ" የሚለው ይሁን፤ ሽጉጥ የሚለው ቃል አይቅደም። ወደ ኪሳችሁ ከመስደዳችሁ በፊት "ፈቃዴ ቀኝ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ላውጣ?" ብላችሁ ጠይቁ። ፊላንዶ ካስቲል በ2016 ሚኒሶታ ውስጥ ፈቃድ የነበረው ሰው ነበር። መሣሪያ እንዳለው ለፖሊሱ ተናግሮ ነበር። ተገደለ፤ ፖሊሱም በነፃ ተለቀቀ። ይህን የማነሳው ላስፈራራችሁ አይደለም። የመያዝን ዋጋ ስትመዝኑ ይህም ሚዛን ላይ ይግባ ብዬ ነው።

እንግዲህ የቱን?

ቤትም ሥራም ቨርጂኒያ ከሆነ የቨርጂኒያው ይበቃል። ዲሲ የምትሄዱት በወር አንዴ ከሆነ ቤት ትታችሁት ሂዱ።

ሹፌር ከሆናችሁ፣ ኡበርም ሊፍትም ሹፌሮቻቸው መሣሪያ እንዳይይዙ ይከለክላሉ። ሦስቱንም ፈቃድ ብታወጡ ሥራችሁን ልታጡ ትችላላችሁ። የቨርጂኒያ ሕግ ደግሞ በአየር መንገድ ተርሚናል ውስጥ መያዝን ይከለክላል፤ ሬገንና ደለስ የምትውሉ ይህን እወቁ። ለሹፌር የዳሽቦርድ ካሜራ፣ ጥሩ መብራትና "ይህን መንገደኛ አልጭንም" የማለት ድፍረት ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ሜሪላንድ ውስጥ ሱቅ ያላችሁ ሰዎች አንድ የማይታወቅ መብት አላችሁ። የራሱ የሆነ ወይም የተከራየው ንግድ ቤት ውስጥ ባለቤቱ ያለ መያዣ ፈቃድ ሽጉጥ መያዝ ይችላል። ባለቤቱ የፈቀደለት ኃላፊ ሠራተኛም ሥራው ላይ ሳለ እዚያው ግቢ ውስጥ ይችላል። ከበሩ ውጪ፣ መኪና ማቆሚያው የሌላ ሰው ከሆነ እዚያም፣ መብቱ ያበቃል። ብዙ ባለሱቅ ግን አደጋውን የሚፈራው ገንዘብ ይዞ ወደ መኪናው ሲሄድ ነው። ለዚያ ነው የ16 ሰዓቱ የሚያስፈልገው።

ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንድ ቤት ለምትቀይሩ፣ ሽጉጣችሁን ነዋሪ በሆናችሁ በ90 ቀን ውስጥ ለስቴት ፖሊስ ማስመዝገብ አለባችሁ። ቤት የመቀየር ግርግር ውስጥ የሚረሳ ነገር ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲም በ2022 ሰው በሚሰበሰብበት ቦታ አካባቢ መያዝን የሚገድብ የራሱን ሕግ አውጥቷል፤ በፍርድ ቤትም ክርክር ተነስቶበታል። የቨርጂኒያ አዳዲስ ሕጎች በአብዛኛው ሐምሌ 1፣ የሜሪላንድ ጥቅምት 1 ነው የሚጀምሩት። እኔ በሁለቱ ቀኖች ዋዜማ የስቴት ፖሊሶቹን ገጽ ከፍቼ አነባለሁ፤ ስልኬም ያስታውሰኛል።

የአክስቴ ልጅ ያን ዕለት ሽጉጡን ቤት ትቶ ነው ወደ ሥራ የሄደው። አጎቱም ነገሩን ሰምተው ሱቁን ማታ ሁለት ሆነው እንዲዘጉ አደረጉ። ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። ሁለቱም ቦታ የተመዘገበ አሰልጣኝ አግኝቷል፤ አጎቱም አብረውት ይማራሉ። የሚጀምሩት በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ነው።